አሮጌውን መዝገብ አትጣሉት፦ ለእድር ጸሐፊዎች፣ ለደብር ጽሕፈት ቤቶችና ለወረዳ መዝገብ ቤቶች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ የእድር መዝገብ ለያዛችሁ ጸሐፊዎችና ዳኞች፣ ለአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት ጽሕፈት ቤቶች፣ ለፍርድ ቤትና ለሸሪዓ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤቶች፣ ለወረዳና ለቀበሌ ሠራተኞች በሙሉ

ጉዳዩ፦ የተራ ሰው ሕይወት ተጽፎ የሚገኝባቸውን መዝገቦች ስለ ማቆየትና ለፈላጊ ስለ ማሳየት

የተከበራችሁ ወገኖች፣

በአገራችን ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት በአንድ ወጥ ሥርዓት መመዝገብ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ክብር መዝገብ (ልደት፣ ጋብቻና ሞት ስለሚጻፍበት መዝገብ) ብዙ አንቀጾች ነበሩት፤ ሆኖም ሕጉ ራሱ መጨረሻው ላይ፣ በነጋሪት ጋዜጣ ትእዛዝ እስኪወጣ ድረስ ይቆዩ ብሎ አሳደራቸው። አዋጅ ቁጥር 760/2004 ወጥቶ ልደት በ90 ቀን፣ የቀሩት በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገቡ እስኪል ድረስ ከግማሽ ምእተ ዓመት በላይ አለፈ። ማዘጋጃ ቤቶች ለጠየቃቸው ሰው የልደት ምስክር ወረቀት ይሰጡ እንደነበር እናውቃለን። አብዛኛው ግን ለትምህርት ወይም ለጉዞ ሲያስፈልግ፣ ሰውየው ካደገ በኋላ፣ በቃል በተነገረ ቀን የተሞላ ነው።

ስለዚህ ከ2008 በፊት ተወልዶ፣ አግብቶ፣ ልጆች አሳድጎ ያረፈን ገበሬ፣ ሸማኔ፣ ነጋዴ ወይም ዘበኛ የሚፈልግ የልጅ ልጅ አንድ በር አንኳኩቶ የሚያገኘው ነገር የለም። ያ ሁሉ ሰው ግን ምንም ሳይጻፍለት አልሞተም። የተጻፈው ለሌላ ጉዳይ ነው፤ መዋጮ ለመሰብሰብ፣ ግብር ለመቀበል፣ ክርክር ለመዳኘት፣ ክርስትና ለማንሣት። ያ ወረቀት ዛሬ በእናንተ ካዝና፣ በእናንተ ቁም ሣጥን፣ በአንዳንድ ጸሐፊዎች ቤት ደግሞ በአልጋ ሥር ካርቶን ውስጥ ነው።

አሁን የምንጽፍላችሁ ጊዜው ስለ ጠበበ ነው። ሰፈር ሲነሣ እድር ይከፈላል ወይም ይበተናል፤ ገንዘቡ ይከፋፈላል፣ ድንኳኑና ወንበሩ ይሸጣል፣ መዝገቡን የሚጠይቅ ግን አይገኝም። ወረዳዎች ወደ ኮምፒዩተር ሲዞሩ «ሙት ፋይል» የተባለው ወደ ምድር ቤት ይወርዳል፤ ከዚያም ምስጥ ይበላዋል ወይም በኪሎ ተሸጦ የሱቅ መጠቅለያ ይሆናል። የምንለምናችሁ ነገር ቀላል ነው። ከመጣላችሁ በፊት በመዝገቡ ውስጥ ምን እንዳለ እወቁ።

ከእድር እንጀምር፤ ከሁሉም የሚበልጠው ሀብት እዚያ ያለ ይመስለናልና። አንድ በቅጡ የተያዘ የእድር መዝገብ የአባሉን ስም ከነአባቱ፣ የባለቤቱን ስም፣ የቤት ቁጥሩን፣ የገባበትን ቀን፣ የየወሩን ክፍያና መቀጫውን ይዟል። ከሁሉ የከበረው ግን የወጪው ዓምድ ነው። «ለአቶ እገሌ እናት ሞት» ተብሎ የተጻፈ አንድ መስመር፣ ገጠር ኖራ ገጠር የተቀበረች፣ በየትም ወረቀት ላይ ስሟ ያልሰፈረ ሴት የሞተችበትን ወር ይነግረናል። እድሩ ለአባሉ የወላጅ ሞት ይከፍላልና ቀኗ ከተማ ባለ መዝገብ ላይ ቀረ። የአማትና የወንድም ሞት የሚከፍል እድር ከሆነ ደግሞ የሚስት ቤተሰብም ከዚያው ይወጣል። ስለዚህ የልጅ ልጅ መጥቶ ሲጠይቃችሁ የአባላቱን ስም ዝርዝር አሳይታችሁ ብቻ አትመልሱት፤ የወጪ መዝገቡንና የጠቅላላ ጉባኤውን ቃለ ጉባኤ አብራችሁ አውጡለት።

በእድር መዝገብ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታም አለ። ባል ሲሞት ሚስት በእሱ ስም መክፈሏን ትቀጥላለች፤ ጸሐፊው መስመሩን ሳይለውጥ አሥር ዓመት ይሄዳል። «እስከ 1978 ከፍሏል» ማለት እስከ 1978 ኖሯል ማለት አይደለም። መሞቱን የሚያሳየው ለራሱ ቀብር የወጣው ወጪ ነው። ወይም ከአንድ ወር ጀምሮ ክፍያው ሲቀንስ፣ ወይም በስሙ ጎን «ምትክ» የሚል ቃል ሲገባ ነው። የግብር ደረሰኝም እንዲሁ ነው። ወራሾቹ ርስቱን ሳይከፋፈሉ በሟች ስም ሲገብሩ ኖረዋልና ደረሰኙ መሬቱ የማን ዘር እንደነበረ ይመሰክራል እንጂ ሰውየው በሕይወት እንደነበረ አያስረዳም።

የደብር ጽሕፈት ቤቶች ሆይ፣ የእናንተ መዝገብ ቀን ያወጣል። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ስለሚነሡ፣ የክርስትናው ቀን ካለ የልደቱ ቀን ይቆጠራል። አንዲት ልጅ ግንቦት 20 ቀን 1946 ክርስትና ከተነሣች 80 ቀን ወደ ኋላ ስንቆጥር የካቲት 30 ላይ እናርፋለን፤ የተወለደችበት ቀን ራሱ እንደ አንድ ከተቆጠረ ደግሞ መጋቢት 1 ይሆናል። ልጅ ታሞ ቀደም ብሎ የተጠመቀ፣ ወይም ቤተሰቡ ርቆ የዘገየም አለ፤ ስለዚህ ስሌቱን የሚያጸና ሌላ ነገር እንፈልጋለን። በዚህ ጊዜ የክርስትና አባቱ ወይም እናቱ ስም ይረዳል፤ የክርስትና አባት ብዙ ጊዜ የቅርብ ወዳጅ ወይም ዘመድ ነውና የቤተሰቡን ጎረቤት ይጠቁማል። በካቶሊክ ደብሮች ባለው የጥምቀት መዝገብ ደግሞ ጠርዙን ማንበብ አይዘንጋ፤ ሰውየው ከብዙ ዓመት በኋላ ሲያገባ ጋብቻው ከጥምቀቱ ጎን ይጻፋል፣ ያገባው ሌላ ደብር ቢሆንም እንኳ።

እዚህ ላይ የስሙ ጉዳይ ይመጣል። ወለተ ማርያም ወይም ወልደ ገብርኤል የሚለው የክርስትና ስም በአንድ አጥቢያ ብቻ ብዙ ሰው የሚጠራበት ነው፤ ቤተሰቡ የሚያውቀው ግን የዓለም ስሙን ነው። በፍትሐትና በሙታን መታሰቢያ የሚጠራው የክርስትናው፣ በግብርና በእድር የሚገኘው የዓለሙ፣ በጦር ሜዳ ወሬ የሚነገረው የፈረስ ስሙ ወይም ቅጽሉ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ስሞች አንድ ላይ የያዘ አንድ ወረቀት ካላችሁ፣ ያ ወረቀት የመላው ፍለጋ ቁልፍ ነው። የብራና መጻሕፍታችሁንም ጠርዝና ባዶ ገጽ ተመልከቱ። ርስትና ጉልት የተሰጠበት፣ መጽሐፉን ያጻፈው ሰው ከነሚስቱና ከነልጆቹ ስም የተመዘገበበት፣ ሽያጭና ዋስትና ከነምስክሮቹ የተጻፈበት ቦታ እዚያ ነው። ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት በኋላ ብዙ ሺህ ብራናዎች በማይክሮፊልም ስለተነሡ፣ የእናንተ መጽሐፍ ቢጎዳ እንኳ ቅጂው በወመዘክር (በብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ሊገኝ ይችላልና መጠየቁ አይከፋም።

ቀኑ በወንጌላውያን ዘመን ብቻ ተጽፎ ስታገኙ ተስፋ አትቁረጡ። የምትገምቱትን ዓመተ ምሕረት ለ4 አካፍሉ። ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ከተካፈለ ዮሐንስ ነው። «ከማይጨው በፊት፣ በዘመነ ማርቆስ» ከተባለ ማይጨው 1928፣ ዘመነ ዮሐንስ ነው፤ ከዚያ ወደ ኋላ የመጀመሪያው ማርቆስ 1926፣ ቀጥሎ 1922 ነው። ምርጫው ወደ ሁለት ሦስት ዓመት ጠበበ ማለት ነው። አረጋውያንን ስንጠይቅም «በስንት ዓመተ ምሕረት?» ማለት ፋይዳ የለውም። በክፉ ቀን፣ በሰገሌ፣ በኅዳር በሽታ፣ ጣሊያን ሲገባ፣ ንጉሡ ሲመለሱ፣ መሬት ለአራሹ ሲታወጅ ምን ያህል ልጅ ነበሩ ብለን ነው የምንጠይቀው። «ከብት እጠብቅ ነበር» ያለ ሰውና «ታዝዬ ነው የሸሹት» ያለ ሰው መካከል ያለው ልዩነት አምስት ዓመት ያህል ነው።

የሚሲዮን ወይም የጣሊያን ወረቀት ይዞ የሚመጣ ሰው ቀን ሲለውጥ ሁለት ነገር ያስቸግረዋል። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ነው፤ ይህን ብዙ ሰው ያውቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በፈረንጆቹ 1900 አንድ ቀን ስለ ዘለለ ከዚያ በፊት ያለው ቀን ዛሬ በምንለውጥበት መንገድ አይሠራም። የዓድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 በፈረንጆቹ ማርች 1 ቀን 1896 ነበር፤ በዛሬው ስሌት ከተለወጠ ግን ማርች 2 ይወጣል። በሒጅራ የተጻፈ የኒካሕ ወይም የውርስ ሰነድ ከሆነ ደግሞ፣ 33 የሒጅራ ዓመት 32 የፀሐይ ዓመት ያህል መሆኑን አስቡ። የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች መዝገብ ሙሽራውን፣ ሙሽራዪቱን፣ ወኪሏን፣ ምስክሮቹንና መህሩን (ለሙሽራዪቱ የሚሰጠውን ጥሎሽ) ሲይዝ፣ የውርስ ክፍፍሉ ደግሞ ወራሾቹን ሁሉ በየድርሻቸው ይዘረዝራል። ለቤተሰብ ታሪክ ከዚህ የተሻለ ሰነድ ማግኘት ከባድ ነው።

አሁን ወደ ፍርድ ቤት። የርስት ክርክር ፋይል የተራ ሰው የዘር ሐረግ በጽሑፍ የቀረበት ትልቁ ቦታ ነው። ርስት በአባትም በእናትም ይቆጠር ስለነበር፣ ከሳሹ ከአቅኚው አባት ጀምሮ ወደ ራሱ ሲወርድ ሴቶቹንም ይጠራል። በስማችን ላይ የምናስከትለው የአባት፣ የአያት፣ የቅድመ አያት ስም ሴት የለበትም፤ በርስት ክርክር ግን «እገሊት እገሌን ወለደች» የሚለው መስመር ጉዳዩን የሚወስን ነው። የሴት አያቶቻችን ስም በብዛት የተረፈው በሙግት ምክንያት መሆኑን ስናስብ ይደንቀናል። ሲነበብ ግን በጥንቃቄ ነው። ተሟጋቹ የሚጠቅመውን ቅርንጫፍ ይቆጥራል፣ ሌላውን ወንድም «ዘር ሳይተካ ሞተ» ይላል፤ ከሩቅ አያቶች መካከልም አንድ ሁለት ትውልድ ይዘለላል። ስለዚህ የከሳሹን ብቻ ሳይሆን የተከሳሹን መልስና የምስክሮቹን ቃል አንብቡ። ለአንድ ትውልድ ከ25 እስከ 30 ዓመት አስቡና ድምሩን ከሚታወቅ ዘመን ጋር አስተያዩ። ሦስት ትውልድ 200 ዓመት ከሞላ መካከሉ ጎድሏል። በሰባት ቤት ቆጠራም ሆነ በሶማሌ አብቲርሲ በቃል የተያዘ ሐረግም በዚሁ መንገድ ይመዘናል።

ኑዛዜና የወራሽነት ማረጋገጫ ከዚህ ቀጥሎ ይመጣሉ። በ1952ቱ ሕግ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በአራት ምስክሮች ፊት ነው፤ አራቱ ስሞች የሟቹን ወዳጆችና ጎረቤቶች ያሳያሉ። ከ1933 ጀምሮ በሚታተመው በአዲስ ዘመን ጋዜጣ የወጡ የፍርድ ቤት ጥሪዎችም የፋይል ቁጥርና የተከራካሪ ስም ይሰጣሉ። ቁጥሩን ይዞ የመጣን ሰው መርዳት ለመዝገብ ቤት ሠራተኛ የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ «የአያቴን ፋይል» ብሎ የመጣውን ማገዝ ግን ሳምንት ይፈጃል።

ለወረዳና ለቀበሌ ሠራተኞች፣ በከተማ ያለው ፍለጋ በአብዛኛው በቤት ፋይልና በነዋሪዎች ቅጽ ላይ ነው። በየካቲት 1967 የገጠር መሬት፣ በሐምሌ 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲታወጅ ቀበሌዎችና የገበሬ ማኅበራት አባወራን ከነቤተሰቡ መመዝገብ ያዙ። ያ የመጀመሪያው ምዝገባ ካላችሁ በምንም ዋጋ አትልቀቁት። የቤተሰቡ ቅጽ ላይ ከልጆቹ ሌላ አብረው የሚኖሩት የሚስት እናት፣ የገጠር የወንድም ልጅና የቤት ሠራተኛዋ ስም ይገኛል። ዕድሜያቸው ግን 30፣ 40፣ 50 እየተባለ በደፈናው የተሞላ ነው። ትልቁ ችግር ቁጥሩ ነው። አዲስ አበባ ከ1995 ወዲህ በክፍለ ከተማ ስትዋቀር ቀበሌዎች ተጣምረዋል፣ ወረዳዎች ተቀይረዋል፣ የቤት ቁጥሮች እንደገና ተሰጥተዋል። አሮጌውን «ከፍተኛ (ከቀበሌ በላይ የነበረው የአስተዳደር እርከን)፣ ቀበሌ፣ የቤት ቁጥር» ከአዲሱ ጋር የሚያገናኝ ማመሳከሪያ ያለው ወረዳ አንድ ገጽ ቅጂ በመስኮቱ ላይ ቢለጥፍ ለፈላጊው ትልቅ ውለታ ነው።

የመንግሥት ሠራተኛ፣ ወታደር፣ ፖሊስ ወይም የምድር ባቡር ሠራተኛ የነበረ ከሆነ በቅጥሩ ጊዜ የሞላው የሕይወት ታሪክ ቅጽ ይፈለግ። ለጡረታ የሚታሰበው እዚያ የተመዘገበው ዕድሜ ነውና አንዳንዱ ዓመት ቀንሶ ሞልቷል፤ የትውልድ ቦታና የወላጅ ስም ግን ብዙ ጊዜ ይታመናል።

ስም ስትፈልጉ በፊደል ቅያሬ አትታለሉ። ኃይለ፣ ሀይለ፣ ሐይለ በሦስት ቦታ ተለያይተው የሚቀመጡት የአንድ ሰው ወረቀቶች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሠ እና ሰ፣ ዐ እና አ፣ ፀ እና ጸም እንዲሁ። ወደ ኮምፒዩተር የምታስገቡ ባለሙያዎች ካላችሁ፣ በመዝገቡ ያለውን ፊደል እንዳለ ጻፉ፤ በሌላ ዓምድ ደግሞ በአንድ ወጥ ፊደል ድገሙት። የመጀመሪያውን አርማችሁ ካጠፋችሁት ጸሐፊው ምን እንደጻፈ ዳግመኛ አይታወቅም። ሞክሼ ሰዎችን ለመለየት ደግሞ ስምና የአባት ስም አይበቃም፤ አያት፣ አጥቢያና የትዳር ጓደኛ ከሚሉት ሁለቱ መግጠም አለባቸው። አንዱ ብቻ ከገጠመ «ሊሆን ይችላል» ተብሎ በእርሳስ ይጻፍ።

መዝገቡን ለማቆየት ባለሙያ መጠበቅ አያስፈልግም። ሁለት ሰው፣ አንድ ደህና ስልክና የመስኮት ብርሃን ካለ 200 ገጽ በግማሽ ቀን ያልቃል፤ አንዱ ይገልጣል፣ አንዱ ያነሣል። መጀመሪያ ልባሱን አንሡ፣ ከዚያ ሁሉንም ገጽ በተራ፣ ባዶውንም ጭምር፤ ባዶው ከተዘለለ ገጽ ጎድሎ ይሆን የሚል ጥርጣሬ ለሁልጊዜ ይቀራል። ስልኩ ከገጹ ጋር ትይዩ ይሁን፣ ጣት የጠርዙን ጽሑፍ አይሸፍን፣ ፍላሽ አይብራ። የደበዘዘ እርሳስ ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ ይነበባል። ምስሉን በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ እንደ ፎቶ ከተላከ ይጨመቅና ትንንሹ ጽሑፍ ይጠፋል። የፋይሉ ስም የእድሩን ወይም የደብሩን ስም፣ ዓመቱንና የገጹን ቁጥር ይያዝ። ቅጂው በሁለት ሰው እጅ፣ በሁለት ቤት ይቀመጥ።

ወረቀቱን ላሚኔት አታስደርጉት፤ አንዴ ከታሸገ ሳይቀደድ አይወጣም። ስኮች አትለጥፉበት፤ በጥቂት ዓመት ቢጫ ሆኖ ጽሑፉን ይዞ ይነሣል። የዛገ ስፒልና ክሊፕ አውጡ። በፌስታል ጠቅልሎ ማስቀመጥ እርጥበት አፍኖ ያሻግታል፤ ካርቶን ይሻላል፣ ከመሬት ከፍ ተደርጎና ከግድግዳ ራቅ ብሎ፣ ምስጡ በዚያ ነውና የሚመጣው። ቦታ ጠቦ ማስወገድ ግድ ከሆነባችሁ ከማቃጠላችሁ በፊት ቤተ መዛግብቱን ወይም በአቅራቢያችሁ ያለ ዩኒቨርሲቲን የታሪክ ክፍል ጠይቁ።

ፈላጊም ግዴታ አለበት። ወደ እናንተ ሲመጣ የሚፈልገውን ሰው ስም በሁለት በሦስት አጻጻፍ፣ የወላጆቹን፣ የትዳር ጓደኛውን፣ የኖረበትን ሰፈርና አጥቢያ፣ የሚገመተውን ዘመን በአንድ ገጽ ጽፎ፣ ዝምድናውን የሚያሳይ መታወቂያ ይዞ ይምጣ። በቃል ብቻ የመጣን ሰው ብትመልሱት አንቀየማችሁም።

በሕይወት ያሉ ሰዎችን የሚመለከተውን ገጽ አታሳዩ፤ በ2016 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም ይህንኑ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከጋብቻ ውጭ የተወለደ፣ በጉዲፈቻ የተሰጠ፣ ወይም በአሮጌ ሰነድ «ባሪያ» ተብሎ የተጻፈ ሰው ሲያጋጥም ደግሞ ጉዳዩ ከሕግም ያልፋል። ለዘሩ ለራሱ በብቻው ይነገረው፤ ሰነዱ ይቆይለት፣ ምስሉ ግን አደባባይ አይውጣ። ገጹን ቀድዶ መጣል መፍትሔ አይደለም። ያ ሰው ስሙ የቀረው በዚያ ገጽ ላይ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ለመጀመሪያ የምንጠይቃችሁ አንድ ወረቀት ነው። በእጃችሁ ያለው መዝገብ ስንት እንደሆነ፣ እያንዳንዱ ከየትኛው ዓመት እስከ የትኛው እንደሚሄድ፣ ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ ጻፉና በሚቀጥለው ጉባኤያችሁ ላይ አስነብቡት። ጸሐፊው ሲቀየር ወይም ሲያርፍ መዝገቡ ከገንዘቡ እኩል ተቆጥሮ ለሚቀጥለው ሰው በፊርማ ይተላለፍ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

የቤተሰብ ታሪክ በሰነድ ለሚያፈላልጉ የምናግዝ